የአባቴ ፓርኬ

ባለፈው ዓመት እዚሁ ሰቆጣ የራሴን ሳሎን ላሚኔት ፓርኬ ሳነጥፍ፣ አንዱ ጣውላ ከሌላው ሲገጥም የሚያሰማው «ቀጭ» የሚል ድምፅ ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ እንኖርበት ወደነበረው ቤት መለሰኝ። ሰው የልጅነቱን ድምፅ ሲሰማ ደስ ይለዋል ይባላል፤ እኔን ግን አንገበገበኝ።

አባቴ ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ሲሆን፣ እናቴ የደሃና ወረዳ ገበሬ ልጅ ነበረች። ጥምቀት ባለፈ ሰሞን አባቴ ፓርኬውን ከወልድያ በአይሱዙ አስጭኖ መጣና፣ የሚያነጥፍ ባለሙያ ከተማው ውስጥ ስላልነበረ ከቢሮው ፈቃድ ወስዶ፣ ሱሪውን ሰብስቦ ተንበርክኮ ራሱ ያነጥፍ ጀመር። እናቴ በእበት ትለቀልቀው የነበረውን የአፈር ወለል በአካፋ ደልድሎ ጣውላውን እላዩ ላይ ደረደረ፤ ግድግዳው ጋ ሲደርስ በመዶሻ እየመታ ጥፍር እንኳ እንዳያስገባ አድርጎ አጣበቀውና፣ ሥራ ማለት ይህ ነው እያለ ሲኩራራ ሰነበተ።

በፋሲካ የቢሮ ጓደኞቹን ጠርቶ ጫማቸውን በር ላይ እያስወለቀ አስገባቸው። እናቴ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ ቤት ስትጠርግ አቧራው እንዳይነሳ በእፍኟ ውሃ እርጭ እርጭ ታደርግ ነበርና፣ አንድ ቅዳሜ ረስታ ረጨች፤ ወዲያው ደንግጣ በነጠላዋ ጫፍ ስታብሰው አይቻለሁ።

ሐምሌ ሲገባ ፓርኬው እንደ ቦካ ሊጥ ይነፋ ጀመር፤ መሀሉ ተነሥቶ በሩም አልዘጋ አለ። አባቴ ውሃ ቢያገኘው ነው ብሎ፣ ጎረቤት ባለበት የረጨው ማን እንደሆነ ጠየቀኝ፤ እኔም ጥያቄ የመለስኩ ጎበዝ ተማሪ መስሎኝ «እማ ናት» አልኩ። ከዚያ ወዲህ የገጠር ሴት ወለል ምኗ ነው እያለ ለመጣው ለሄደው ያወራባት ነበር። እሷም አንገቷን ደፍታ፣ እንግዳ ሲመጣ ምግቡን እኔ እንዳቀርብ እየሰጠችኝ፣ ማድቤት ቁጭ ብላ ብቻዋን ትበላ ነበር። መስከረም ጠብቶ ፓርኬው ተነቅሎ ከተጣለ በኋላ እንኳ ሳሎን ገብታ አልተቀመጠችም፤ አባቴም ጡረታ ወጥቶ ወደ አገሩ እስኪመለስ ድረስ አንድ ቀን እንኳ «ግቢ» አላላትም።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የእናቴ ንጋት ግን አለቅጥ ዘገየ። ባለፈው ዓመት እኔ አነጣጠፉን የተማርኩት ከስልኬ ቪዲዮ እያየሁ ነበር። የአፈር መሬት ላይ መጀመሪያ ላስቲክ እንደሚነጠፍ፣ ግድግዳው ሥርም የጣት ስፋት ያህል ክፍተት እንደሚተው፣ ያለዚያ እርጥበቱ ከሥር ገብቶ ጣውላውን እንደሚያሳብጠው፣ ያበጠውም መሄጃ አጥቶ መሀሉ እንደሚነሣ ቪዲዮው ላይ ያለው ሰውዬ ሲያስረዳ ስሰማ መዶሻዬን አስቀመጥኩና ለአባቴ ደውዬ የሰማሁትን ነገርኩት። እሱም፣

«ስነቅለው አይቻለሁ፤ ሥሩ ነው የበሰበሰው። ታዲያ በሰው ፊት ከተናገርኩ በኋላ ምን ልበል?» አለኝ።

ስልኩን ዘግቼ፣ አሁን ከእኔ ጋር ለምትኖረው እናቴ ነገርኳት፤ ደስ ይላታል ብዬ ነበር። 

«እኔ እኮ ልጄ፣ የባሌን ድካም መና አስቀረሁ ብዬ ለነፍስ አባቴ ተናዝዤ፣ ሁዳዴውን ሙሉ ሰግጄበታለሁ» አለችኝ።

ያኔ ልጅ ነበርኩና ነገሩን ሳላውቅ መሰከርኩባት፤ ዛሬ ትልቅ ሰው ሆኜ እውነቱን ይዤላት መጣሁ። የእኔ ወለል ክረምቱን ደረቅ እንደሆነ አልፏል፤ እናቴ የሰገደችውን ግን የሚመልስላት የለም።