ፒያሳ ላይ የቆጠርነው ፊደል

ጣሊያን ጎንደርን ይዞ ፒያሳን ሲሠራ ነው፣ ልጆቼ። ታላቅ ወንድሜ ድቁና ሊቀበል ጥቂት ሲቀረው አባታችን ሞተና ቤታችን እህል አጣ። እሱም ትምህርቱን ትቶ ፒያሳ ድንጋይ ፈላጭ ሆነ። ከዚያ ወዲያ አፍሮ ቤት አልመጣም። መምህሩ የኔታ «አሁን ከተመለሰ እቀበለዋለሁ» ቢሉ፣ እናቴ እኔን ላከችኝ።

ብሄድ የድንጋይ ፈላጩ ሁሉ ፊት ከድንጋዩ ብናኝ የተነሣ ኖራ የነሰነሱበት ይመስል ነጭ ነው፤ ማን ከማን ይለያል?

«ማንን ነው የምትፈልጊ?» አለኝ ውኃ የሚያድል ሽማግሌ።

«ወንድሜን፣ አያ።»

«እዚህ ያለው ሁሉ የሰው ወንድም ነው። ምነው በስሙ አትጠሪውም?»

በስሙ ብጠራው እንደሚደበቀኝ አውቃለሁ። ፊደል የቆጠረ ሰው ግን ሲጀምሩለት ዝም ማለት አይሆንለትም። እኔ ሴት ነሽ ተብዬ ባልማርም፣ እሱ ሲያጠና የሰማሁትን በዜማው ጀመርሁ፤

«ሀ ግዕዝ…»

መዶሻው ሁሉ ቀጥ አለ። ከዚያ ያ ሁሉ ጎረምሳ ባንድ አፍ «ሁ ካዕብ» ብሎ መለሰልኝ። ለካ ሁሉም ትምህርቱን ጥሎ የመጣ ተማሪ ኖሯል።

የወንድሜን ድምፅ ከዚያ መሐል መለየት አቃተኝ።