ዝንጅብል የመሰለኝ ሥር

ባለፈው ሳምንት ልጄ አዲስ የቀን መቁጠሪያ ገዝታ ሳሎን ሰቀለች። የወሩ ሥዕል አይሪስ የሚባል ነጭ አበባ ነው። እሷ «እንዴት ያምራል!» ስትል እኔ ከሥዕሉ ፊቴን አዞርኩ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ያለፈው ፍርሃት እንዲህ ቶሎ ይመለስብኛል ብዬ አልጠበቅሁም።

የደብረ ሲና ልጅ ነኝ። ደጋ ለለመደ ሰው ሸዋ ሮቢት ምድጃ ናት፤ አስተማሪ ሆኜ ስመደብባት ገና ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። የተከራየሁት ጋሽ ሰይድ ከሚባሉ ሠዓሊ ግቢ ነው። ለሱቅ ታፔላ ይጽፋሉ፣ የጭነት መኪና በር ላይ አበባ ይሥላሉ፤ የሚሥሉትን አበባ ደግሞ ራሳቸው ይተክሉታል። ከሁሉ የሚወዱት ከግቢው ፓፓያ ሥር የሚያብበውን ነጩን ነበር። ያው አይሪስ ነው፤ የአገሬው ሰው «የመቃብር አበባ» ይለዋል።

«ድሮ ከየመን የተሻገሩ ነጋዴዎች ናቸው አሉ ያመጡት» አሉኝ አንድ ቀን። «ሰው ሲሞትባቸው መቃብሩ ላይ ይተክሉታል። ውኃ ባያገኝም አይሞትማ!»

ማሽላ በሚታጨድበት ወር፣ አንድ ቅዳሜ፣ ከገበያ ስመለስ ባለቤታቸው እትዬ ዘሀራ ጉንፋን ይዟቸው ተኝተዋል። የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናቸው።

«እስቲ በሞቴ፣ ሻይ በዝንጅብል አፍይልኝ» አሉኝ።

ማድ ቤቱ ደጃፍ፣ ሰፌድ ላይ፣ ቡናማ ጉጥ ጉጥ ያለ ሥር ተሰጥቷል። ልጬ ከትፌ ጨመርኩት። ሽታው ደከም ማለቱን ልብ ብያለሁ፤ የቆላ ዝንጅብል እንዲህ ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ እትዬ ዘሀራን ያስመልሳቸው ጀመር። ሆዳቸውን ይዘው «ያ አላህ! ልጄን!» ይላሉ። ወደ ሰፌዱ ሮጥኩ። አንዱን ሥር ሰብሬ አሸተትኩት፤ ዝንጅብል አልነበረም። ለካ ጋሽ ሰይድ ሌላ ቦታ ሊተክሉት ከፍለው የነቀሉት የመቃብር አበባው ሥር ነበር።

ጋሪ ተጠራ። የእትዬ ዘሀራ ራስ ጭኔ ላይ ነው፤ ጋሽ ሰይድ ከጋሪው ጎን ይሮጣሉ። ብናገር «ሚስቴን ገደለቻት» ይላሉ፤ ዘመድ በሌለኝ አገር ማን ይቆምልኛል? ጤና ጣቢያ እስክንደርስ አንዲት ቃል አልወጣኝም።

«ምን በልተዋል?» አለች ነርሷ።

«ኧረ ምንም፤ ሻይ ብቻ» አሉ ጋሽ ሰይድ።

ነርሷ ዞር ልትል ስትል እጅጌዋን ያዝኳት። «እኔ ነኝ። የአበባ ሥር ነው፤ ዝንጅብል መስሎኝ አፈላሁት።» ጋሽ ሰይድን ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም።

ግሉኮስ ተሰቀለ። እስከ አሥር ሰዓት ጋሽ ሰይድ ከአልጋው ግርጌ፣ እኔ ከበሩ ሥር ቆምን። በመጨረሻ ነርሷ የእትዬ ዘሀራን ሆድ አዳምጣ ቀና አለች።

«የልጁ ልብ ይመታል።»

ሲሚንቶው ላይ ተቀመጥኩ። ጋሽ ሰይድ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። «ባትናገሪ ኖሮስ?» አሉ ብቻ። አልተቆጡም።

በማግስቱ አበባውን ይነቅሉታል ብዬ ስጠብቅ፣ ጣውላ ላይ በቀይ ቀለም «አይበላም» ብለው ጽፈው አጠገቡ ተከሉ። ጊዜው ደርሶ እትዬ ዘሀራ ሴት ልጅ ሲገላገሉ፣ ገንፎውን እንዳገነፋ ያስጠሩት እኔን ነበር። እያማሰልኩ አለቀስኩ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ልጆች አስተምሬያለሁ። ጥፋቱን ደብቆ የሚንቀጠቀጥ ተማሪ ሲገጥመኝ አልጮህበትም፤ አጠገቡ ተቀምጬ እጠብቀዋለሁ። ከግቢያችን እስከ ጤና ጣቢያው ያለችው መንገድ አጭር ነበረች። ዛሬም ሳስባት ስንት ጊዜ አፌን ከፍቼ መልሼ እንደ ዘጋሁት ትዝ ይለኛል።