የፈትሂያ ቀጠሮ

ፈትሂያ መቀሱን ይዛ መውጣቷን ያወቀችው ባጃጅ ውስጥ ከገባች በኋላ ነው።

«ቶሎ፣ አዲስ ዓለም ሰፈር!» አለችው ሾፌሩን።

«እህቴ፣ መጀመሪያ እሱን መቀስ ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺልኝ።»

ቦርሳዋ ሱቅ ቀርቷል። ደንበኛዋም ግማሹ ከተቆረጠ ጨርቅ ፊት እንደቆመች ቀርታለች። እናቷ ሸምሲያ ደውላ «ሽማግሌ መጥቶብናል» ባለቻት ጊዜ ፈትሂያ ሌላ ነገር አልታያትም። «ከማክሰኝት ነው። ሱሀይብ የሚባል መድኃኒት ቤት ያለው ልጅ ነው የላካቸው። አንቺ ታውቂዋለሽ እንዴ?»

ፈትሂያ ሳትመልስ ዘጋችው። ታውቀዋለች። ግን በአካል አይታው አታውቅም።

አባቷ ሐጂ ዐብዱረሕማን ቀጠሮ ሳይሰጡ መድረስ አለባት። ሽማግሌ አንዴ ቀጠሮ ካገኘ ነገሩ የሁለት ቤት ጉዳይ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ እሺም እምቢም የአባቷ ነው።

ሀያ ስምንት ዓመቷ ነው። አራዳ ገበያ ያለውን የአባቷን የጨርቅ ሱቅ የምትመራው እሷ ናት። ዋጋ የምትቆርጠው፣ ከአዲስ አበባ ጅምላ ነጋዴዎች ጋር በስልክ የምትጨቃጨቀው እሷ። ስልኳ ላይ የመተዋወቂያ አፕ የጫነችላት ጓደኛዋ ቤዚ ነች፤ ሆስፒታል የምትሠራ ነርስ። «ለሱቅሽ ዕቃ ትመርጫለሽ አይደል? እስቲ ለራስሽም ምረጪ» ብላ ሳቀችባት።

መጀመሪያ የጻፉላት ወንዶች አሰልቺ ነበሩ። አንዱ ሰላም ሳይላት «ወጥ ትችያለሽ?» አለ። ሌላው ሱቁ በማን ስም እንደሆነ ጠየቀ። ሁለቱንም ዘጋቻቸው። መዝጋቱ ደስ አላት። እቤታቸው እምቢ ለማለት አስቀድሞ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል፤ የሚጠየቁት ደግሞ አባቷ ናቸው። እዚህ ግን አውራ ጣቷ በቂ ነበር።

ለሱሀይብ ቀድማ የጻፈችው እሷ ናት። የመጀመሪያ መልሱ «ወንድሜ፣ የማንን ፎቶ ነው የለጠፍከው?» የሚል ነበር። ሴት ቀድማ አትጽፍም ብሎ ነው። ድምጿን ቀድታ ላከችለት፦ «ወንድምህ እንዲህ ያለ ድምፅ አለው?» በዚህ ሳቁ። ከረመዳን በፊት ጀምረው በየቀኑ ተጻጻፉ። ስልክ ቁጥሯን ግን አልሰጠችውም። ሳላየው አልሰጥም ብላለች፤ እሱም ተስማምቷል። ሊገናኙ ሲያስቡ፣ ነሐሴ 2008 ላይ በተቃውሞው ምክንያት የሞባይል ዳታ ተቋረጠ። ሳምንታት አለፉ። ፈትሂያ ጨርቅ እየለካች ስልኳን ታወጣለች፣ ዳታውን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፣ የለካችውን ትረሳና እንደገና ትለካለች።

ሱሀይብም ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ፎቶዋ ላይ ከኋላዋ የሱቁ ስም ይታይ ስለነበር አራዳ ድረስ መጥቶ የማን ሱቅ እንደሆነ ጠየቀ። እሷ ውስጥ ቆማ ነበር። ገብቶ ሰላም ሊላት ይችል ነበር። እሱ ግን ማክበሩ መስሎት ተመልሶ ሽማግሌ ላከ።

ቤታቸው በር ላይ ስትደርስ ሸምሲያ መጋረጃውን ይዛ ቆማለች።

«ወዴት ነሽ? ወንዶች ናቸው ያሉት!»

«አንዱ አባቴ ነው» አለችና አልፋት ገባች።

ሦስት ሽማግሌዎች ምንጣፉ ላይ ተቀምጠዋል። ጉዳያቸው መልስ ስላላገኘ የቀረበላቸውን ሻይ አልነኩትም። ፈትሂያ ሰላምታ ሰጠች። የሁሉም ዓይን እጇ ላይ አረፈ።

«ሸጋ ነው!» አሉ ትልቁ ሽማግሌ ሐጂ ሳሊም። «ገና ከመምጣታችን በመቀስ?»

አንደኛው ሳቁ። አባቷ አልሳቁም። ፈትሂያ መቀሱን ከኋላዋ ደበቀችው።

«አባቶቼ፣ አትቀየሙኝ። ልጁን በስልክ ተጻጽፈን አውቀዋለሁ። ፊት ለፊት ግን አላየሁትም። አባባ ቀጠሮ ሳይሰጡ እኔ ልስጥ። ሐሙስ ከዙሁር ሶላት በኋላ ፒያሳ ጭማቂ ቤት ይምጣ። ብቻውን።»

«ምነው ልጄ! ‹ልጅቷ ራስህ ና ብላሃለች› ብለን እንንገረው?» አሉ ሐጂ ሳሊም።

«እንደሱ በሉት።»

«ወላሂ፣ ስንት ቤት ሸምግያለሁ፣ ከሙሽራዋ ቀጠሮ ተቀብዬ አላውቅም!»

ሐጂ ዐብዱረሕማን እጃቸውን አነሡ።

«ቀድሞ የጻፈው ማን ነው?» አሏት።

እሱ ነው ብትል ነገሩ ይቀላል። የወንድ ወግ ነው፤ ማንም አያፍርም። መጋረጃው ሲነቃነቅ ይታያታል።

«እኔ ነኝ፣ አባባ።»

አባቷ ወደ እንግዶቹ ዞሩ። «ሰምታችኋል። የኔ ቀጠሮ ከእሷ በኋላ ነው።»

ሽማግሌዎቹ ሻዩን ሳይቀምሱ ተነሡ። ሸምሲያ እስከ ማታ «አዋረድሽን» ስትል ዋለች። አባቷ በዚያ ሳምንት ጭራሽ አላናገሯትም። ሐሙስ ረፋድ ላይ ግን ሳይጠሩ ሱቅ መጥተው ከእሷ ወንበር ላይ ተቀመጡና ሜትሩን ተቀበሏት።

ሱሀይብ ብቻውን መጣ። መልከ መልካም ነው፤ እንደ ጽሑፉ ጨዋታ ያውቃል። ያዘዙት የማንጎ ጭማቂ ሳያልቅ ብዙ ሳቁ። ፈትሂያ ልቧ ሊያርፍ ምንም አልቀረውም። ያኔ ነው እሱ፣ ስለ አየሩ እንደሚያወራ ሰው ቀለል አድርጎ፣ «እንግዲህ ያንን አፕ ከስልክሽ አጥፊው» ያላት።

«አንተስ?»

«እኔ ወንድ ነኝ። የኔ ችግር የለውም።»

«ከማን ጋር ልትጻጻፍበት?»

«ዳታ የለ እኮ!» ብሎ ሳቀ።

አልሳቀችም። ብርጭቆውን ወደ መሀል ገፋ አደረገችው።

«ለሽማግሌዎቹ አንተ ትነግራቸዋለህ ወይስ እኔ ልንገራቸው?»

«ምኑን?»

«እምቢ ማለቴን።»

ሐጂ ሳሊምና ጓደኞቻቸው ወደ አዲስ ዓለም አልተመለሱም። ሱሀይብ በዓመቱ እዚያው ማክሰኝት አገባ። ፈትሂያ ያገባችው በ2010 ዓ.ም. ነው፤ ሌላ ሰው።