አባቴ ምልክት ያደረገባት መኪና

ባለፈው ቅዳሜ የአባቴን አሮጌ ዲኤክስ መኪና እዚሁ እንጅባራ ቴፕ የሚገጥም ባለሙያ ዘንድ ወሰድኳት። የድሮው ቴፕ ድምፁ ከጠፋ ቆይቷል፤ ልጆቼ ደግሞ ስክሪን ያለው ካልተገጠመ አንሳፈርባትም አሉ። ባለሙያው ዳሽቦርዱን ፈቶ ጠራኝ። ከውስጥ በጥቁር ናስትሮ የተጠቀለለ ሽቦ አለ፤ ናስትሮው ላይ ቀይ የጥፍር ቀለም ጠብ ብሎበታል። ቀለሙን ወዲያው አወቅኩት፤ የእናቴ ነበር።

አባቴ ሰው አያምንም። ስኳር ሲገዛ እንኳ ሚዛኑን ደግመው ካላሳዩት አይከፍልም። ጋራዥማ ለእሱ ደህናውን ዕቃ ፈትተው አሮጌ የሚገጥሙበት ቦታ ነው። ነገሩ የእሱ ብቻም አይደለም፤ በእኛ አገር መኪናውን ጋራዥ ጥሎ የሚሄድ የለም፣ አንድ ዘመድ አጠገቧ ይቀመጣል። ከብዙ ዓመት በፊት የእህቴ ሠርግ ሲቃረብ ግን ሙሽራ ያለ ሙዚቃ ልትሄድ ነው ወይ ተባለና ቴፕ ለማስገጠም እጅ ሰጠ። የእናቴን የጥፍር ቀለም ተቀብሎ ባትሪውን፣ ስኮርት ጎማውን፣ የዝናብ መጥረጊያውን ሳይቀር ቀይ ነጥብ ነጥብ አደረገባቸው።

እኔና አባቴ በውርጭ ተነስተን፣ በአዲስ ቅዳም ከተማ የከሰል ጆንያዎች አጠገብ አልፈን ዳንግላ ገባን። የሚገጥምልን ታደለ የሚባል ዝምተኛ ወጣት ነበር። ገና ኮፈኑን ሲከፍት፣

«ጋሼ፣ የባትሪዎ ገመድ ላልቷል» አለ።

«እንግዲህ ጀመርክ። አንተ ቴፑን ግጠም፣ ሌላውን ተወው» አለው አባቴ።

ታደለ ከዚያ በኋላ ስለ መኪናዋ ትንፍሽ አላለም።

አንድ ባለጋሪ ቆም ብሎ ታደለን በአዊኛ አነጋገረው። እኛ ቤት አዊኛ አይነገርም፤ እኔ ግን ከሠፈር ልጆች ለምጄው ነበር።

«ምን አለው?» አለኝ አባቴ ጠጋ ብሎ።

«እናትህ ተሻላቸው ወይ ነው የሚለው።»

«ደህና አድርገህ ስማ።»

ለምሳ ይደርሳል የተባለው ሥራ ወደ ማምሻው ተጠጋ። ታደለ ዳሽቦርዱ ሥር ገብቶ የሚታየን እግሩ ብቻ ነበር። ቅቅል ድንች በአዋዜ አስመጥተን በላን፤ አባቴ ዓይኑን ከዚያ እግር ሳይነቅል፣ የጥፍር ቀለሙንም የመኪናዋ ወንበር ላይ እንደረሳው አኘከ። ምን እንዳስቆየው ሲጠይቀው ታደለ፣ «ሽቦው ትንሽ አስቸገረኝ» ብቻ አለ።

ቴፑ ሲከፈት አላፊ አግዳሚው ዞሮ አየን። እኔ በደስታ ልፈነዳ ደረስኩ። አባቴ ግን ምልክቶቹን እየዞረ ይፈትሽ ነበር። አንድም አልጎደለም። «ቀለሙንም አስመስለው ይቀባሉ» አለ።

ሠርጉ አለፈ፣ ጥርጣሬው ግን አላለፈም። ላገኘው ሁሉ «ግማሽ ቀን ውስጧን ሲፈታታ ዋለ፤ አንድ ነገር ሳይወስድማ አይቀርም» ይላል። አባቴ ደግሞ ከዳንግላ እስከ አዘና ነጋዴው ሁሉ የሚሰማው ሰው ነው። በዓመቱ በዚያ ሳልፍ በታደለ ሱቅ ውስጥ ሌላ ሰው ጫማ ይሸጣል። ደንበኛ ሸሽቶት አገር ለቀቀ አሉኝ። በጣም አዘንኩ፤ ግን ምን ወስዶ ይሆን የሚለው ሐሳብ ከእኔም አልጠፋም ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ የእንጅባራው ባለሙያ ናስትሮውን ገለጠው። ሽቦው ተቃጥሎ ኖሮ ተቆርጦ በአዲስ ተቀጥሏል።

«እንዲሁ ቢተው ኖሮ መኪናዋ ከነሰዎቿ ትነድ ነበር» አለኝ።

ታደለ ያን ግማሽ ቀን ለካ እዚህ ላይ ነበር የዋለው። ቢናገር ማን ሊያምነው? ሠርቶ፣ አባቴ በረሳው ቀለም አባቴ የሚያምነውን ምልክት አድርጎበት ዝም አለ።

ለአባቴ ደወልኩና ነገርኩት። «ልጁ አሁን የት ነው?» አለ።

«አላውቅም።»

«ፈልገው» አለኝ። ድምፁ ደከም ብሎ ነበር።

ስልኩን ዘግቼ ቀና ስል ባለሙያው ያየኛል። ለካ እኔም እንደ አባቴ ከጠዋት ጀምሮ በርጩማ ስቤ እጁን ስጠብቅ ነው የዋልኩት። አፈርኩ። በርጩማዬን አንስቼ መንገዱን ተሻገርኩና ጀርባዬን ሰጥቼ ተቀመጥኩ። ውስጤ ግን አሁንም አሁንም ዞር ብለህ እየው ይለኝ ነበር።