ተሰፍቶ የመጣ አደራ

ሥራ በጀመርሁበት ቀን መጀመሪያ የተፈተሽሁት እኔ ነኝ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ዳንግላ ጨርሼ፣ ባሕር ዳር ባለው አውሮፕላን ማረፊያ በሴት ፈታሽነት ተቀጠርሁ። ጧት በሩ ላይ የቆመችው ነባር ፈታሽ ቦርሳዬን ተቀብላ ከፈተች። ማበጠሪያዬን፣ መሐረቤን፣ በጋዜጣ የጠቀለልሁትን ቆሎ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ደረደረች።

«አዲሷ ሠራተኛ ነኝ እኮ» አልኋት።

«ሠራተኛም ይፈተሻል፤ አብራሪውም ይፈተሻል። እጅሽን ዘርጊ» አለች። ስታበቃ «ቆሎውን ደህና አድርገሽ ጠቅልዪው፣ ይፈስብሻል» ብላ ቦርሳዬን መለሰችልኝ። ሥራውን ያስተማረችኝ እሷ ናት።

ያኔ ኤክስሬይ አልነበረንም። ሻንጣ በእጅ ይበረበራል፤ ሴቶች ከመጋረጃ ጀርባ ይፈተሻሉ። አስተማሪዬ ሁለት ነገር ነገረችኝ፦ በእጅሽ ጀርባ ዳብሺ፤ ሳትነኪ በፊት «ልነካዎት ነው» በዪ። የመጀመሪያዋ ተሳፋሪ አንዲት ወፍራም ነጋዴ ነበሩ። አፍሬ ድምፄ አልወጣ አለ።

«ምን ያንሾካሹክሻል?» አሉኝ። «እዚህ የተኛ ሰው አለ? ነይ፣ ዳብሺኝና ልሂድበት።»

ከፈታሽነት ወደ ኤክስሬይ ተመልካችነት፣ ከዚያ ወደ ምክትል የፈረቃ ኃላፊነት ደረስሁ። ከዚያ በላይ አልሄድሁም፤ አልጠየቅሁምም። አሁን ጡረታ ወጥቼ እንጅባራ ነው የምኖረው። በእኔ ዕድሜ ያለን ሰዎች አሁንም በድሮ ስሟ ቆሰበር እንላታለን። አውሮፕላን የሚሳፈር ሰው ያለበት ቤት «እስኪ ምን እንደሚደረግ ንገሪን» እያለ ይመጣል። ይህን የምጽፈው ለእነሱና ከእኔ በኋላ በዚያ ሥራ ላይ ለቆሙት ነው።

ከአገራችን ከጥርባ የመጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ልጃቸው በስልክ «አባባ፣ እዚያ ጫማ ይወልቃል» ብሎ መክሯቸዋል። ሕንፃው በር ላይ ሲደርሱ ቤተ ክርስቲያን እንደሚደረገው ጫማቸውን አውልቀው ከደጅ አስቀመጡና በባዶ እግራቸው ገቡ። ፍተሻውን አለፉ። መሳፈሪያው በር ላይ አንዱ ባልደረባዬ አያቸው።

«አባባ፣ ጫማዎስ?»

«ስወጣ አደርገዋለሁ።»

«በየት ሊወጡ? የሚወርዱት እኮ አዲስ አበባ ነው!»

ሮጬ አመጣሁላቸው። ጫማ የሚወልቀው ማሽኑ ዘንድ ነው። ትሪ ላይ አስቀምጣችሁ በማሽኑ ውስጥ ታሳልፉታላችሁ፤ በወዲያኛው በኩል ትጫሙታላችሁ። ቀበቶ፣ ሰዓት፣ ሳንቲምና ቁልፍም እንዲሁ። ማተብ ፍቱ የሚላችሁ የለም። የብረት መለያው በር ከጮኸ አትደንግጡ፤ በእጅ በሚያዘው መፈተሻ ታይታችሁ ታልፋላችሁ። መቀነታችሁ ጫፍ ላይ የቋጠራችሁት ካለ አስቀድማችሁ ተናገሩ።

ሌላው የዳንግላ ነጋዴ ነው። ትኬቱ ላይ የተጻፈው ሰዓት ሲደርስ ከባጃጅ ወረደ። መዝገቢያው መስኮት ተዘግቷል።

«ሞላ እንዴ?» አለ።

«አልሞላም፤ ሰዓቱ አልፎ ነው።»

«ሳይሞላ ይሄዳል?»

«አዎ።»

«ኧረ እነዚህ ሰዎች ሥራ አያውቁም!»

ብዙ ጊዜ ስቀንበታል። ቢሆንም ሰውዬው የሚያውቀው መናኸሪያን ነው፤ ሚኒባስ ሳይሞላ ሲነሳ አይቶ አያውቅም። አውሮፕላን ሰው አይጠብቅም። ከበረራው ሁለት ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። ከእኛ አገር የምትነሱ ደግሞ መንገድ ላይ ለሚሆነው ነገር ሌላ ሰዓት ጨምሩ።

ማርና ቅቤ በእጅ ቦርሳ አትያዙ። ዕቃ ክፍል በሚገባው ሻንጣ ውስጥ፣ ክዳኑን አጥብቃችሁ፣ በላስቲክ ሁለት ጊዜ ጠቅልላችሁ አድርጉት። አንድ ጊዜ የአንድ መነኩሴ ማር ፈሶ የስድስት ሰው ሻንጣ አጣብቋል። መነኩሴው አላፈሩም፤ «በረከት ነው፣ ላሱት» አሉ።

ከሁሉም የሚያስቸግረን አንድ ጥያቄ ነበር። «ሻንጣዎን ራስዎ ነዎት ያዘጋጁት? ከሰው የተቀበሉት ዕቃ አለ?» ይባላል። ጥያቄው ሻንጣውን ብቻውን ለሚያዘጋጅ ሰው የተጻፈ ነው። በእኛ አገር ሩቅ ለሚሄድ ሰው ሻንጣ የሚሞላው ጎረቤት ነው። አንዱ በሶ ያመጣል፣ አንዱ ለልጁ ልብስ ይልካል፣ አንዱ ገብቶ ያለውን አውጥቶ እንደገና ያጣጥፋል። «ራስዎ ነዎት?» ሲባሉ «አይ ልጄ፣ ብቻዬን ምን አቅም አለኝ፣ መንደሩ ነው» ያሉኝን ሰዎች ቁጥር አላውቀውም። እውነታቸውን ነው። ሻንጣቸውን ግን ከላይ እስከ ታች መፍታት ነበረብን።

እማማ ደብሬ ያለፉት በዚህ በር ነው። የእሳቸውንም የጎረቤታቸውንም ስም ቀይሬዋለሁ።

ውጭ አገር ያለች ልጃቸው የመውለጃ ወሯ ገብቷል። የመጀመሪያዋ ነው፤ እዚያ ሌላ ዘመድ የላትም። እማማ ደብሬ ሊያርሷት ነው የሚሄዱት። በእኛ በረራ አዲስ አበባ ገብተው የዚያኑ ቀን ወደ ውጭ ይሳፈራሉ። የእኛ ካመለጣቸው ያኛውም ያመልጣቸዋል።

ስክሪኑ ፊት የተቀመጥሁት እኔ ነበርሁ። በማሽኑ ምግብና ጨርቅ በብርቱካን ቀለም ይታያል፤ ብረት ሰማያዊ ይሆናል፤ ጨረሩ ያላለፈው ነገር ጥቁር ሆኖ ይቀራል። የእማማ ደብሬ የእጅ ቦርሳ ሁሉም ብርቱካን ነበር፤ መካከሉ ላይ የእጅ መዳፍ የሚያህል ጥቁር ነገር አለ። ቦርሳውን ከፈትሁት። ጥቁሩ ነገር በነጭ አቡጀዲ ዙሪያውን ተሰፍቷል። ስፌቱ የጠበቀ፣ ቀጥ ያለ፣ ጊዜ የተወሰደበት ነው።

«እማማ፣ ይኼ የማን ነው?»

«የሺ ናት የሰጠችኝ፤ ጎረቤቴ። ልጇ እኔ የምሄድበት ከተማ ነው ያለው።»

«ምን አለበት?»

«እኔ ምኑን አውቄ?»

«ልንከፍተው ነው።»

ጥቅሉን ከእጄ ወስደው ደረታቸው ላይ ያዙት። በደንባችን ተሳፋሪው በፍተሻ ላይ ያለን ዕቃ አይነካም። እኔ ግን ልነጥቃቸው አልቻልሁም።

«ተሰፍቶ የተሰጠኝን ተሰፍቶ ነው የማስረክበው» አሉ። «አደራ ነው እታለም። አደራ ይፈታል እንዴ?»

የፈረቃ ኃላፊያችን አቶ ደምሴ መጡ። ጨዋ ሰው ናቸው፤ ደንብ ላይ ግን አይላሉም።

«እናቴ፣ ካልተከፈተ አያልፍም።»

«እንግዲያው እኔም አላልፍም።»

«እዚህ ይተዉትና ይሂዱ። ለሰጠችዎት ሰው እንመልሳለን።»

«ትቼው ብሄድ በላሁት ማለት አይደል?»

«ልጅዎስ?»

እማማ ደብሬ ጥቅሉን አገላብጠው አዩት። «ልጄ እግዜር አለላት» አሉ፤ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር። «የሺን ግን በምን ዓይኔ አያታለሁ?»

ከዚያ ቦርሳቸውን አንሥተው ወደ መውጫው ዞሩ። ማስፈራራታቸው አልነበረም፤ መሄዳቸው ነበር።

ቀደም አልሁና በአገውኛ ጠየቅኋቸው፤ «እማማ የሺ የት ናቸው?»

ቋንቋውን ሲሰሙ ቆሙ። «ውጭ ናት፤ ሚኒባሱ ጋ። አውሮፕላኑ ሲነሳ ሳናይ አንመለስም ብለው ሁሉም እዚያ ናቸው።»

ይህ የአገራችን ልማድ ነው። አንድ ሰው ሲሳፈር አንድ ሚኒባስ ሙሉ ሰው ይሸኛል። ሸኚ ወደ ውስጥ አይገባም፤ አጥሩ ሥር ይቀመጣል። ሁልጊዜ ይህ ልማድ መግቢያውን ያጨናንቅብን ነበር። ያን ቀን ጠቀመን።

አቶ ደምሴን አየኋቸው። እሳቸው ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አዩ። «አሥር ደቂቃ» አሉ።

ሸኚዎቹ ሣሩ ላይ ተቀምጠው ዳቦ እየቆረሱ ነበር። የደንብ ልብሴን ሲያዩ ሁሉም ተነሡ።

«ምን ሆነች? ታመመች?»

«ደህና ናቸው። እማማ የሺ ማን ናቸው?»

አንዲት ቀጭን ሴት ከኋላ ወጡ። ከሰዎቹ ራቅ አድርጌ ወሰድኋቸውና ነገሩን ነገርኋቸው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ወደ ሸኚዎቹ አየት አደረጉና በውስጡ ያለውን በጆሮዬ ነገሩኝ። ለበረራ የሚያሰጋ ነገር አይደለም። ለጎረቤትም የሚነገር አይደለም።

«አንቺ ክፈቺው» አሉኝ። «ደብሬ ግን እንዳታይብኝ።»

«በተሳፋሪው ፊት ካልሆነ አይከፈትም። ደንባችን ነው።»

«እንግዲያው ይቅር፤ መልሺልኝ» አሉ። እጃቸውን ግን አልዘረጉም።

እሺም እንቢም ሳልላቸው ተመለስሁ። እማማ ደብሬ ከተውኋቸው ቦታ አልተነቃነቁም። «እማማ የሺ እንዲከፈት ፈቅደዋል። እርስዎ እንዳያዩት ግን ይለምናሉ» አልኋቸው። ይቀየማሉ ብዬ ፈርቼ ነበር።

«እዩልኝ እንግዲህ!» አሉና ሳቁ። «ዕድሜ ልካችንን አጥር ለአጥር ኖረን አሁንም የምትደብቀኝ አላት!»

ጥቅሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ነጠላቸውን ከአናታቸው ላይ ስበው ፊታቸውን እስከ አገጫቸው ሸፈኑና ቀጥ ብለው ቆሙ። «ክፈቺ። እኔ የለሁም።»

እኔም አቶ ደምሴን አየሁ። እሳቸውም ትንሽ አሰቡ።

«ደንቡ ‹በተሳፋሪው ፊት› ነው የሚለው» አሉ። «ፊታቸው ይኸው።»

ተራ ይዞ የቆመው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ጀርባዬን ለእነሱ ሰጥቼ ክሩን በምላጭ አንድ በአንድ በጠስሁ። እማማ የሺ የነገሩኝ ነገር ነው፤ ሌላ የለበትም። አቶ ደምሴም ጎንበስ ብለው አዩ፤ «ያልፋል» አሉ። መዝገቡ ላይ «ተከፍቶ ታየ፤ የተከለከለ ዕቃ አልተገኘበትም» ብዬ ጻፍሁ።

መስፋት ቀረ። ተሳፋሪ የሚተዋቸው ስለታም ነገሮች የሚጠራቀሙበት ሣጥን አለን። ከመቀስና ከቢላዋ መካከል መርፌ ፈልጌ አወጣሁ። ነጭ ክር የአንዷ ባልደረባዬ ቦርሳ ውስጥ ተገኘ። በድሮው ቀዳዳ እያስገባሁ ሰፋሁ።

«ጨረስሽ?» አሉ እማማ ደብሬ ከነጠላው ሥር።

«ትንሽ ቀርቶኛል።»

«ይቺ ልጅ ስፌት ታውቃለች እንዴ?» ብለው አቶ ደምሴን ጠየቁ።

«መፍታት ነው የምታውቀው፤ መስፋቱን ዛሬ ነው ያየሁላት» አሉ አቶ ደምሴ።

የመጨረሻው የመሳፈሪያ ጥሪ በድምፅ ማጉያ ተነገረ። ክሩን በጥርሴ በጠስሁትና ጥቅሉን እጃቸው ላይ አደረግሁት። ነጠላቸውን ገለጡ። ስፌቱን በጣታቸው ዳበሱት፤ እንደ ፊተኛው ቀጥ አላለም።

«ክፉ ነገር አለበት?»

«የለበትም።»

«በቃ» አሉና ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። ያጠፋሁትን ጊዜ ለመመለስ እኔው ራሴ ክንዳቸውን ይዤ እስከ መሳፈሪያው በር አደረስኋቸው። በዚያች መንገድ ጥቅሉ ውስጥ ምን እንዳለ ቢጠይቁኝ ኖሮ ምን እንደምመልስ አላውቅም ነበር። የጠየቁኝ ግን አውሮፕላኑ ውስጥ ሽንት ቤት መኖሩን ብቻ ነው። አለ አልኋቸው።

አውሮፕላኑ ሲነሳ ሸኚዎቹ እልል አሉ። እኔም ተረኛ ስለተካኝ ወጥቼ በአጥሩ በኩል አየኋቸው። እማማ የሺ ወደ ሰማይ አላዩም፤ እኔን ነበር የሚያዩት። ራሴን ነቀነቅሁላቸው። እሳቸውም ከወገባቸው ጎንበስ ብለው እጅ ነሡኝ፤ እኔ በዕድሜ ልጃቸው ነኝ። ወደ ሥራዬ ተመለስሁ።

ከወራት በኋላ እማማ ደብሬ ሲመለሱ ሻንጣቸውን የተቀበለው ሌላ ፈረቃ ነበር። ልጃቸው በደህና መገላገሏንና አደራው ለባለቤቱ መድረሱን የሰማሁት ከሚኒባሱ ሾፌር ነው።

ውስጡ የነበረውን ለማንም አልነገርሁም፤ እዚህም አልጽፈውም። የምትሳፈሩ ሰዎች ከሰው የምትቀበሉትን ዕቃ ከመሰፋቱ በፊት እዩት፤ ሊያሳያችሁ የማይፈልግ ካለ አትቀበሉት። በዚያ በር ላይ የምትቆሙ ደግሞ፣ ፈታሽ የሚፈልገው ለበረራ የሚያሰጋውን ነው። ሌላውን ብታዩትም የእናንተ አይደለም።