በካርቶን ዘውድ ፊት የተጠራ ዋስ

ባለፈው ሳምንት ኮላ ሸተተኝ። ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት እየዞሩ ታሪክ የሚያሳዩ ተዋንያን እኔ ወደማስተምርበት መጥተው፣ የንጉሣቸው ዘውድ ጎኑ ተቀዶ፣ ላጣብቅላቸው ተቀመጥሁ። ዘውዱ ካርቶን ነው፤ ላዩ የሲጋራ ፓኮ ወርቃማ ወረቀት። ኮላው ሲሸተኝ ግን ጎንደር መሆኔን ረሳሁት። አምባ ጊዮርጊስ ነኝ፣ ሰባተኛ ክፍል፣ ጣቶቼ በብርድ ቆፍነው።

ያኔም እንዲህ ያሉ ተዋንያን በአይሱዙ መጡልን። ሜዳው ላይ፣ ነፋስ በሚያንሿሿው ባሕር ዛፍ ሥር፣ አፄ ፋሲል ችሎት ተቀምጠው ሲፈርዱ ሊያሳዩን ነው። ወሬው ገበያ ደርሶ ኖሮ ወላጆችም ከኋላችን ዱላቸውን ተደግፈው ቆመዋል። አባቴም መሐላቸው ነበር። ጓደኞቼ ይስቃሉ፤ እኔ ሳቁ ከየት ይምጣልኝ? ከፋሲካ በኋላ ልዳር ተወስኗል።

መድረክ መሪው «በዚያ ዘመን አቤት ያለ ሰው ሳይሰማ አይመለስም ነበር» አለ። ለካ በመሐላችን ተቀምጣ አቤት የምትል ተዋናይት አዘጋጅተዋል። እኔ ምን አውቄ! ቀደምኋት።

«አቤት! አባቴ ከትምህርት ቤት ሊያስቀረኝ ነው!»

ተዋናይቷ አፏን እንደከፈተች ቀረች። አትሳቁብኝ፤ የምሬን ነበር። ንጉሡ ኮላ ኮላ የሚሸተውን የካርቶን ዘውዱን እያስተካከለ «ተከሳሹ ይቅረብ!» አለ። አባቴን እየሳቁ ገፍተው አመጡት። እሱም ለጨዋታው ብሎ ጋቢውን ወገቡ ላይ አደግድጎ እጅ ነሣ።

«ትምህርቷን ሳትጨርስ እንዳትድራት። ዋስ ጥራ!» አለው ንጉሡ።

አባቴ ዞር ብሎ ባለወፍጮውን ጎረቤታችንን ጠራ፤ ቅንድቡ ሳይቀር ዱቄት የለበሰ ሰው ነው። «ዋስ ነኝ» አለ፣ እጁን አንሥቶ። ሕዝቡ አጨበጨበ፣ ቲያትሩ ቀጠለ። እኔ ግን አለቀስሁ፤ አይሱዙው ሲሄድ ፍርዱም አብሮ እንደሚሄድ ገብቶኛል።

በሳምንቱ ሽማግሎች የሠርጉን ቀን ሊቆርጡ ቤታችን ተቀምጠው ሳለ፣ ባለወፍጮው ከነዱቄቱ ገባ።

«ምነው? ዋስነቴን ረሳኸው?» አለው አባቴን።

«ምነው አያ፣ ቲያትር እኮ ነው!» አባቴ ሳቀ።

ሰውዬው አልሳቀም። «ንጉሡስ ካርቶን ነው፤ እኔም ካርቶን ነኝ? ሰው ፊት ጠራኸኝ፣ ሰው ፊት ዋስ ሆንሁህ። አሁን ልታዋርደኝ ነው?»

አባቴ ግትር ነው፤ ዋሱን አሳፈረ መባልን ግን ፈራ። ሠርጉ ቀረ። ከዚያ ወዲያ መስከረም በጠባ ቁጥር ባለወፍጮው በራችን ላይ ቆሞ አባቴን ይጠይቃል፦ «ተመዘገበች?» እኔን አንድም ቀን አላናገረኝም። መልሱን ሰምቶ ወደ ወፍጮው ይመለሳል፤ ደጃፋችን ላይ ነጭ የጫማ ዱካ ይቀራል።

አሥረኛ ክፍል ሳለሁ ሞተ። በሠልስቱ ዕለት ለቅሶው ቤት አንድ ዘመዳችን አባቴን ጠጋ ብሎ «እንግዲህ ዋስህም ሞተ፤ ነፃ ወጣህ» አለው። ለእንግዶች ውኃ እያዞርሁ ነበርና ጣሳው እጄ ላይ ከበደኝ። በጎረቤቴ ሞት ላይ ለራሴ መፍራቴ ዛሬም ያሳፍረኛል።

አባቴ ከመቀመጫው ተነሣ። እንደ ቲያትሩ ቀን ጋቢውን አደገደገ። ፊት ለፊቱ ንጉሥ የለም፤ ያለው የሟቹ ባዶ መቀመጫ ነው።

«እኔ እየሳቅሁ ነበር የጠራሁት» አለ። «እሱ ግን አልሳቀም። አፈር ከለበሰ በኋላ አላሳፍረውም። ልጅቱ ትማራለች።»

አሁን በመስከረም መዝገቡን ይዤ የምቀመጠው እኔ ነኝ። አንድ አባት ሴት ልጁን ይዞ ሲመጣ፣ ስሟን ጽፌ እስክጨርስ ዱቄት ዱቄት ይሸተኛል። ባለወፍጮውን አንድ ቀን እንኳ ሳላመሰግነው ሄደብኝ። ብዕሬን ሳስቀምጥ ታዲያ ቀስ ብዬ፣ ማንም ሳይሰማኝ፣ «ተመዘገበች፣ አያ» እላለሁ።