ጉልበቱ ወደ ኋላ የሚታጠፈው አሞራ

ከቤት ስወጣ

እኔ ስመኝ፣ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ካለው ቤቴ የወጣሁት ሐሙስ ማለዳ ነው። ወሩ ጥቅምት ስለሆነ ጤዛው ገና ከሣሩ አልረገፈም ነበር። የወጣሁበት ምክንያት አንድ ነው፤ የአንድ አሞራ ስም ላገኝ። የተሰጠኝ ጊዜ ሦስት ቀን ነው። የሰጠኝም ልጄ ይበልጣል ነው። በሦስተኛው ቀን ስሙን ከነማስረጃው ይዤ ካልተመለስኩ፣ ሰኞ ባሕር ዳር ሄጄ ሴት ልጄ ቤት ልቀመጥ፣ ብቻዬን መንገድ መውጣቴንም ልተው ቃል ገብቼለታለሁ። የእሷ ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ልጄን እወዳታለሁ፤ ግን ዕድሜዬን ሁሉ ከገበያ ገበያ፣ ከዘመድ ዘመድ ስዞር የኖርኩ ሰው ነኝ። አራተኛ ፎቅ ላይ ማን ያልፋል?

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሐይቁ በላይ፣ ከጫካው ዳር አንድ ያረጀ ብሳና አለ፤ ግንዱ ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ። ባለፈው ሳምንት ከፊት ለፊቱ አረፍ ብዬ ሳለሁ አንድ አመድማ አሞራ መጣ። ትልቅነቱ አውራ ዶሮ ያህላል። ግንዱ ላይ ቁልቁል ተንጠለጠለና ክንፉን እያርገበገበ፣ ያን ረጅም ቢጫ እግሩን ቀዳዳው ውስጥ ሰደደው፤ እኔ ጎታ ውስጥ የቀረውን እህል በእጄ እንደምፈልገው። አልደርስ ሲለው ጉልበቱን ወደ ኋላ አጠፈው። ወደ ኋላ! እንሽላሊት መዞ አወጣና ዞሮ አየኝ። ፊቱ ላባ የለበትም፤ እንደ እንቁላል አስኳል ቢጫ ነው።

ይህን ቤት ገብቼ ስናገር ሳቁብኝ። ጎረቤታችን አትጠገብ «ሰይጣን ነው ያየሽው፤ ጠበል ግቢ» አለችኝ። ይበልጣል ግን አልሳቀም፤ እኔን የከፋኝም እሱ አለመሳቁ ነው። ግራ ዓይኔ ላይ ሞራ እንዳለ ሐኪም ከነገረው ወዲህ ከዓይኑ ሥር አያርቀኝም።

«እማዬ፣ ጉልበቱ ወደ ኋላ የሚታጠፍ ወፍ አለ?»

«አየሁ እያልኩህ!»

«ነገ ደግሞ የሐይቁን ገደል ሜዳ መስሎሽ ብትረግጪውስ?»

ሦስት ቀን የለመንኩት ለዚህ ነው።

ጥሊሊ ገበያ

እስከ ዋናው መንገድ በእግሬ ወርጄ ሚኒባስ ያዝኩ። ረዳቱ ሃምሳ ብር አለኝ። «ለአሮጊት ቅናሽ የለህም?» ብለው፣ «እማማ፣ ናፍጣው አሮጊት አያውቅም» አለኝ። ከፈልኩ። በመንገዱ ግራና ቀኝ ዱሮ ገብስ የነበረው ማሳ ዛሬ ዲከረንስ የሚሉትን የፈረንጅ ግራር ለብሷል፤ ሰዉ ዛፉን እያከሰለ ይሸጠዋል። ከሰል የሞላው ማዳበሪያ የመንገዱን ጠርዝ ይዞ እንደ ወታደር ተሰልፏል።

ጥሊሊ ገበያው ሞቅ ብሎ ጠበቀኝ። መጀመሪያ የሄድኩት ዶሮ ሻጮቹ ዘንድ ነው፤ አሞራን ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም ብዬ። ያየሁትን ለአንዷ ነገርኳት።

«ጭልፊት ነዋ!» አለች። «ባለፈው ወር አራት ጫጩት የፈጀብኝ።»

«ጉልበቱ ወደ ኋላ ይታጠፋል?»

«ድንጋይ ስወረውር ጉልበቱን የምመረምርበት ጊዜ ነበረኝ?»

ሥጋ ሻጩም ዘንድ ሄድኩ። «የእኔ ደንበኞች ጥንብ አንሳዎች ናቸው እናቴ፤ እግራቸውን ለክቼ አላውቅም» ብሎ ደንበኞቹን አሳቀብኝ። እንዲህ እያልኩ ስድስት ሰው ጠየቅሁ፤ ስድስቱም ሳቁ። ጥላዬን ዘርግቼ ልመለስ ስል ማር ተራ ደረስኩ።

እዚያ አያ ቸኮል የሚባሉ ማር ሻጭ አሉ። ስማቸው ቸኮል ይሁን እንጂ ችኮላ የሚባል ነገር አያውቁም፤ አንድ ኪሎ ማር እስኪመዝኑ ገዢው ዘመዶቹን ሁሉ ጠይቆ ይጨርሳል። ዛፍ ላይ ቀፎ ሲሰቅሉ ነው ያረጁት። እኔ ስናገር በዝግታ ሰሙኝ። ከዚያ ግራ ቀኝ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ወደ አፍ መፍቻ ቋንቋችን፣ ወደ አዊኛ ዞሩ።

«እኔም አይቼዋለሁ እቴ ስመኝ። ቀፎ ልሰቅል ዛፍ ላይ ሆኜ። ወደ ኋላ ነው የሚታጠፈው። ለሚስቴ እንኳ አልተናገርኩም፤ ጠጥተህ ነው ትለኛለች።»

እቅፍ ላደርጋቸው ምንም አልቀረኝም። «ፊቱ ቢጫ የሆነው!»

«አይ፤ ፊቱስ ቀይ ነው። እንደ ሚጥሚጣ።»

ደስታዬ ከአፌ ሳይወጣ ቀዘቀዘ። ሆኖም አያ ቸኮል አንድ መላ ነገሩኝ። ለቀፎ ማንጠልጠያ ሽቦ የሚገዙት ዳንግላ ካለ አንድ ነጋዴ ነው፤ ሰውየው ኢድሪስ ይባላል፤ ዱሮ ወፍ ለማየት የሚመጡ ፈረንጆችን በመኪና ሲያዞር የኖረ ነው። «እኔም ሽቦ አልቆብኛል፤ ነገ አብረን እንሂድ» አሉኝ። እኔ ወደ ቆሰበር ተመልሼ የእኅቴ ልጅ ቤት አደርኩ።

ከቆሰበር ወደ ዳንግላ

አርብ ጠዋት ቆሰበር መናኸሪያ ስደርስ ባጃጁና የፈረስ ጋሪው ተጠላልፎ አንዱ አንዱን አላሳልፍ ብሏል። አያ ቸኮል አርፍደው መጡ። ሰዉ እርስ በርሱ «መንገዱ ክፍት ነው?» ይባባላል፤ ሹፌሩ «ክፍት ነው፤ ግቡ» ሲል ገባን።

መኪናው እንደተነሳ ጭቅጭቃችንም ተነሳ። እኔ ቢጫ፣ እሳቸው ቀይ። ተሳፋሪው ሁሉ ዳኛ ሆነ። ከኋላ ወንበር «ቀይ ያሉት አባት ዛፍ ላይ ስለነበሩ በቅርብ አይተዋል» ሲል አንዱ ፈረደ። ሌላው «ሴት ቀለም አይሳሳትባትም» ብሎ ለእኔ ተሟገተ። የሽንኩርት ጆንያ ጭኗ ላይ የያዘች ሴት ሰለቻትና «ብርቱካንማ በሉትና ታረቁ!» ብላ ጮኸች። መኪናው በሳቅ ተናወጠ።

እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም። ያደግሁበትን ወግ አውቀዋለሁ፤ ሽማግሌ ፊት ሁለት ምስክር ሁለት ዓይነት ቃል ከሰጠ ነገሩ ይወድቃል። አያ ቸኮል በዓለም ላይ ያለኝ አንድ ምስክር ናቸው። እሳቸው ቀይ ካሉ እኔ ባሕር ዳር ነኝ። አዲስ ቅዳም ከተማ ላይ መኪናው ሲቆም ትኩስ ቅቅል ድንች ከዳጣ በርበሬ ጋር ገዛሁና ግማሹን ሰጠኋቸው። ሁለት ድንች በልተው ሦስተኛውን ሲያነሱ ወደ ጆሯቸው ጠጋ አልኩ።

«አያ ቸኮል፣ ስለ እግዜር፣ እዚያ ስንደርስ ቢጫ በሉልኝ። ምን ይጎዳዎታል? እኔን እኮ ሊያስቀምጡኝ ነው።»

የያዙትን ድንች ላስቲኩ ውስጥ መለሱና ላስቲኩን ጭኔ ላይ አኖሩት።

«ድንችሽን ውሰጂ እቴ። ያየሁት ቀይ ነው።»

አፈርኩ፤ ተናደድኩም። ከሁለቱ የትኛው እንደበለጠ ዛሬም አላውቅም።

ዳንግላ

የአቶ ኢድሪስ ሱቅ ምስማር፣ ቆርቆሮና ሽቦ የሞላበት ነው። ጢማቸው ነጭ፣ ዓይናቸው ተጫዋች ነው። ወንበር አውጥተው አስቀመጡኝ።

«ፈረንጆቹ ወፍ ሲያዩ የእኔ ሥራ መኪና ውስጥ መተኛት ነበር፤» አሉኝ። «አንድ ቀን እንቅልፍ እምቢ አለኝና ወርጄ አብሬ አየሁ። በዚያው ቀረሁ።»

ጉዳያችንን ስንጀምር አያ ቸኮልን አስቆሟቸው። «እርስዎ ማዶ ሄደው ሻይ ይጠጡ። ምስክር የሚሰማው ለየብቻ ነው።» አያ ቸኮል ሄዱ። እኔ ያየሁትን ሁሉ ነገርኳቸው። ቀጥሎ እኔ ወደ ሻይ ቤቱ ተላክሁ፤ አያ ቸኮል ገቡ። ከመንገዱ ማዶ ሻዬን ይዤ አፋቸውን እከታተል ጀመር። ቀይ ሲሉ ከዚያ ድረስ ታየኝ።

አብረን ስንቀርብ መታገስ አቃተኝና ተናዘዝኩ። «አቶ ኢድሪስ፣ ልንገርዎ። እኚህን ሰው በመንገድ ላይ ቢጫ በሉ ብዬ ለምኛቸው ነበር።»

አቶ ኢድሪስ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱት። «እሰይ እንኳን እምቢ አሉ! ቢጫ ብለው ቢሆን ኖሮ ምን አውቅ ነበር? ቢጫ ፊት ያለው አሞራ ስንት አለ! ልጠይቃችሁ። እናቴ፣ እርስዎ ያዩት ብቻውን ነበር?»

«ብቻውን። ተረጋግቶ ምግቡን ሲፈልግ።»

«እርስዎስ አያ ቸኮል?»

«ሁለት ናቸው። ጎጆው ላይ። አንዱ ሲያርፍ ሌላው ፊቱ ደም መሰለ።»

«በቃ!» ብለው ከቆርቆሮው ጀርባ አንድ ጠርዙ የተላጠ መጽሐፍ አወጡና ገለጡት። እዚያ ላይ ቁልጭ ብሎ ተቀምጧል፤ አመድማው ላባ፣ ጭራው ላይ ያለው ነጭ መቀነት፣ ቢጫው ረጅም እግር። «ፈረንጆቹ አፍሪካን ሃሪየር ሆክ ይሉታል። ሲረጋጋ ፊቱ ቢጫ ነው፤ ሲነሸጥ ደሙ ፊቱ ላይ ይወጣና ይቀላል። ጉልበቱም ወደ ኋላም ወደ ጎንም ይታጠፋል፤ ከየጉድጓዱ ጫጩትና እንሽላሊት የሚጎተተው በዚያ ነው። ሁለታችሁም እውነት ነው የመሰከራችሁት። ሁለታችሁ ባትለያዩ ኖሮ አላምናችሁም ነበር።»

እልልታዬን ለቀቅሁት። ምስማር የሚገዙት ሰዎች ሙሽራ መጣች ብለው ዞሩ። አያ ቸኮል እንደ ልማዳቸው በዝግታ ፈገግ አሉ። እኔም የቀረውን ድንች አውጥቼ በሁለት እጄ አቀረብኩላቸው፤ ተቀበሉኝ።

ማስረጃው ቀረ። ፎቶ ለልጄ በስልክ እንዳይላክ ኔትወርክ የለም። ፎቶ ኮፒ ቤት ስንሄድ ማሽኑ የሚያወጣው ጥቁርና ነጭ ብቻ ሆኖ ተገኘ። አያ ቸኮል ወረቀቱን አገላብጠው አዩና «አሁን ደግሞ ፊቱ ግራጫ ሆነልን» አሉ። አቶ ኢድሪስ ትንሽ አሰቡ። ከዚያ ገጹ ላይ የደረሰኝ ቁራጭ አስገብተው መጽሐፉን በላስቲክ ጠቀለሉና ሰጡኝ።

«ይዘውት ይሂዱ እናቴ። አንብበው ሲጨርሱ ይመልሱልኛል።»

ፊደል የለየሁት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ግን በጄ ይዤ አላውቅም። እዚያው አድሬ፣ ቅዳሜ ቆሰበር ድረስ ጡቴ ሥር አቅፌው መጣሁ።

ዘንገና

ቤት ስደርስ ይበልጣል በረት ያጸዳል፤ አትጠገብም ወሬ ልትሰማ ቀድማ መጥታለች። መጽሐፉን ገልጬ ለልጄ ሰጠሁት። አሥረኛ ክፍል ድረስ ስለተማረ እንግሊዝኛውን እየተንገዳገደም ቢሆን ያነባል። ሥዕሉን አየ፤ እጁን በሱሪው ጠረገና እንደገና አየ። ከዚያ ጣቱን ከመስመሩ በታች እየጎተተ ማንበብ ጀመረ። አንድ ቦታ ሲደርስ ቆመ።

«ምን ይላል?» አለች አትጠገብ።

«ጉልበቱ...» አለ፤ ቀና ብሎ አላየኝም። «ወደ ኋላ ይታጠፋል ይላል።»

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሁለቱን ይዤ ብሳናው ፊት አስቀመጥኳቸው። ብዙ ጠበቅን። አትጠገብ ልትነሳ ስትል አሞራው መጣና ተንጠለጠለ፤ እግሩንም ሰደደ። ይበልጣል ክንዴን እስኪያመኝ ጨበጠኝ። ወዲያው ሁለተኛው ከላይ ወርዶ አጠገቡ ሲያርፍ፣ ቢጫው ፊት ዓይናችን እያየ ፍም መሰለ።

«ቀላ! እማዬ፣ ቀላ!» ብሎ ልጄ በረገገና ጮኸ። ሁለቱም በረሩ።

«ጸጥ በል አንተ! ወፍ ማየት አታውቅም» አልኩት። አትጠገብ አፏን በነጠላዋ ይዛ ቀረች፤ ጠበሉን ደግማ አላነሳችብኝም።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ይህ ነው። እኔ ስፈልግ የነበረው እንደ እኔ የሚናገር ሰው ነበር። ያዳነኝ ግን እንደ እኔ አልናገርም ያለኝ ነው። ግራ ዓይኔንም ከአጨዳ በኋላ ልታከም ተስማምቻለሁ፤ ሞራ የለብኝም ብዬ አላውቅም። ያየሁት በቀኙ ነው።

ሰኞ ማለዳ መጽሐፉን ልመልስ ተነሳሁ። ይበልጣል «እኔ ላድርስልሽ» አለኝ። «የተዋስኩት እኔ ነኝ» አልኩት፤ አልተከራከረኝም። እስከ ዋናው መንገድ ሸኘኝ። ሚኒባሱ ሲቆም ረዳቱ ከላይ እስከ ታች አየኝና «ከእማማ ጋር ማን አለ?» ብሎ ጠየቀ።

«ማንም የለም፤» አለ ልጄ። «መስኮት አጠገብ ብቻ አስቀምጣት።»